የሦስቱ ሥሮች ስም

ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጠዋት ሲነሡ የሚይዝዎ ወገብዎስ ለቀቅ አደረገዎ? እማማ እንዴት ናት? ዛሬም ክር በመርፌ ታስገባለች ወይስ ታናሽ እህቴን መጥራት ጀመረች? ቤቱ፣ ደጁ፣ ጓሮ ክፍል ያሉት ሕመምተኞችዎስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ አልታዘዘኝም፤ ስለዚህ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራዬንም አልፈታሁም ብዬ ልለፈው። ናፍቆታችሁስ አይነሣ።

አባባ፣ ከዚህ በታች ያለውን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። መነጽርዎን ያድርጉ፣ የክፍሉን በር ይዝጉ፣ እማማ ምን አለች ብላ ብትጠይቅዎ ሰላም ብላለች ይበሏት። በስልክ ያልነገርኩዎ ስልኩ የባለሱቁ ስለሆነ ነው። ባለሱቁ ደግሞ ድምፁን ለቆ ገበያተኛውን ሁሉ ካላሰማ የተደወለለት አይመስለውም። ባለፈው ስደውል እኔ ከማላውቃት ሴት «ልጄ፣ ለዚህ ሳልሽ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ» የሚል ምክር ሰምቼ ነው የዘጋሁት። ይህን ነገር ግን ማንም መስማት የለበትም። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ያ የላኩልኝን የሥር ዱቄት ያመጣልኝ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የያዘውን አያውቅም፤ የወንድሜን የልብስ ልክ የጻፍኩ መስሎታል። እዚያ አንድ ቀን አድሮ ይመለሳል፤ መልስዎን ሳይቀበል እንዳይነሣ ለምኜዋለሁ።

የወንድሜ ዐይን ቢጫ ሆኗል። ከዐይኑ አልፎ አሁን መዳፉም፣ የጥፍሩም ሥር ቢጫ ነው። ሐኪሙ ጉበቱ ተጎድቷል ይላል። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ድፍረቴ እንዳያልቅብኝ ፈርቼ ነው።

አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ዱቄቱን ሲልኩልኝ በሚጠጣበት ሰባት ቀን ከሐኪም ቤት ክኒን ጋር እንዳይገናኝ ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ክኒኑን አስቁመሻል ወይ ብለው ሲጠይቁኝም ዐይኔን በጨው አጥቤ አስቁሜያለሁ አልኩዎ። አላስቆምኩም። ደግሞስ እንዴት ላስቁም? ክኒኑን የምትሰጠው ነርስ ወገቧ ላይ የቁልፍ እስር ስለምታንጠለጥል ሕመምተኞቹ ቁልፏ ይሏታል። ክኒኑን ካዋጠች በኋላ አፍ አስከፍታ፣ ምላስ አስነሥታ፣ ጉንጭ ውስጥ አይታ ነው ወደሚቀጥለው አልጋ የምታልፈው። ለሐኪሙ ደግሞ፣ ሌላ የሚወስደው ነገር አለ ወይ ሲለኝ፣ ከማመጣለት ወተት በቀር ምንም የለም አልኩት። በሁለት ቢላ ስበላ ከርሜ ሁለቱም ቢላ ወንድሜ ላይ አረፉ።

ዱቄቱን ምን ቆርጦኝ ለመንኩዎ? ክኒኑን ስለጠላሁት ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሠርቶለት ነበር። ሐኪም ቤት በገባ በሁለተኛው ሳምንት እነዚያ በጆሮው የሚጣሩት ድምፆች ራቅ አሉለት፤ ግድግዳውን ማዳመጥ ተወ። ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ኩባያ ሲይዝ ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈስሳል። ሲራመድ እግሩን ከመሬት አያነሣም፣ ምራቁ በአፉ ዳር ይወርዳል፣ ቀልድ ስነግረው የሚስቀው እኔ ስቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ያ እኔ ስናደድ አካሄዴን እያስመሰለ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስቅ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሳየው አንጀቴ አልቻለም። ሐኪሙ መጠኑን እናስተካክለዋለን፣ ትንሽ ጊዜ ስጪን ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ጊዜ አልሰጠሁም፤ ወደ እርስዎ ደወልኩ።

ሕመምተኞቹ የሚጠየቁት ከምሳቸው በኋላ ነው። ከስፌት ቤቱ የምሳ ሰዓቴን ይዤ እሮጣለሁ፤ አሠሪያችን ሰዓቱ የሚለውን ስም ያገኘው በከንቱ አይደለም፣ አንድ ደቂቃ ባሳልፍ በጣቱ ግድግዳውን እያሳየ ነው የሚቀበለኝ። የሕሙማኑ ክፍል በር ከውጭ ነው የሚከፈተው። አሥራ ሁለት አልጋ አለ፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ የሚለብሱት ጋውን መታጠቂያ የለውም። ዱቄቱን በወተት በጥብጬ በጠርሙስ ይዤለት ገባሁ። አጠገቡ የሚተኛው ሕመምተኛ ድሮ መምህር ነበር አሉ፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት የአልጋዎቹን ስም እየጠራ ቀሪና ተገኝ ይላል። ጠርሙሱን ሲያይ ጣቱን ቀስሮ «ከውጭ የመጣ ምግብ ክልክል ነው» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «እኔ አላየሁም፤ ትምህርት ላይ ነኝ» አለ።

ወንድሜ ጠርሙሱን አሸተተው። አሸተተና ሙሉ ለሙሉ የነቃ ዐይን አየሁበት፤ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ አይቼው አላውቅም። «ሦስቱም አሉበት» አለኝ። ምኖቹ ሦስቱ ስለው በሁለት እጁ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘ። ሳቅኩበት አባባ። የአባባ ልጅ፣ አንተስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባለ ምሥጢር የሆንከው ብዬ ሳቅኩበት። እጁን ከአፉ አንሥቶ ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጣው።

በአምስተኛው ቀን ስሄድ ቆሞ ጠበቀኝ። ስለ እማማ ጠየቀኝ፣ የጫማዬን መበላት አይቶ ቀለደብኝ። ከደስታዬ ብዛት መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ዘመዴ መሰለኝ። ሐኪሞቹን በሆዴ ሳቅኩባቸው፤ የአባቴ እጅ ይህን ያህል ነው ብዬ በየመኪናው መስኮት ልናገር ምንም አልቀረኝም። በሰባተኛው ቀን የመጨረሻዋን ቆንጥሬ ከሰጠሁት በኋላ፣ እንዳዘዙኝ፣ ዱቄቱ የመጣበትን ጨርቅ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለው ወራጅ ውኃ ጣልኩት።

በዘጠነኛው ቀን ቁልፏ እጁን ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ዐይኑን በአውራ ጣቷ ገልጣ አየችና በሩጫ ወጣች። ያቺ ሴት ስትሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደም ወሰዱ፣ ውጤቱ መጣ፣ ሐኪሙ ክኒኑን ሁሉ አስቆመ። ክኒኑ ከቆመ በአራተኛው ቀን ድምፆቹ ተመለሱበት። አሁን ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ይውላል፤ የሚሉትን ነገር ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። ምግብ ካፉ አይገባም። ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ክንዱን በጥፍሩ ቧጥጦ አቁስሎታል።

ከዚህ ወዲያ መደበቅ አልቻልኩም። ሐኪሙን በረንዳ ላይ አገኘሁትና ሁሉንም ዘከዘክሁለት፤ ከቤት የመጣ ሥር ነው፣ ሰባት ቀን አጠጥቼዋለሁ አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና እንዲህ አለኝ፤ «የአባትሽን መድኃኒት ልንቅ አይደለም። ስንቱ ሰው እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት እነሱ ዘንድ ሄዶ እንደዳነም፣ እንዳልዳነም አያለሁ። ግን አንዳንድ ሥር ጉበት ይጎዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ብቻውን ደህና ሆኖ ከክኒን ጋር ሲገናኝ መርዝ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ካላወቅኩ የምሰጠውንም የምከለክለውንም አላውቅም። በጨለማ እየዳሰስኩ ነው።» የተረፈ ዱቄት አምጪ አለኝ። የለም። ጨርቁን አምጪ አለኝ። እሱም የለም። ወራጁ ውኃ ዳር ሄጄ በሁለት እጄ ጭቃውን ሳስስ ቆየሁ፤ አንድ የወጥ ድስት ክዳንና የራሳችንን ስፌት ቤት ቁርጥራጭ ጨርቅ አወጣሁ እንጂ ሌላ ምንም አላገኘሁም።

ከዚያ ሐኪሙ ወንድሜን ራሱን ጠየቀው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጠጣኸውን ታውቀዋለህ ወይ አለው። ወንድሜ አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስሙን ንገረኝ ሲለው በሁለት እጁ አፉን ያዘ። ሐኪሙ ሁለቴ፣ ሦስቴ ለመነው። እያንዳንዷን ጊዜ ጨምቆ ጨምቆ ከንፈሩ እስኪነጣ ያዘው። ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። የጻፈውን አላነበብኩም፣ ግን በሽታው ነው ብሎ እንደጻፈ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። እኔ ግን በሽታ እንዳልሆነ ገባኝ። ያ ልጅ ከሕመሙ ሁሉ መሐል ጤነኛ ሆኖ የቀረው በዚያች ነገር ብቻ ነው። አፉን የያዙት እጆች የእርስዎ ናቸው አባባ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጫካ ወስደውት ሦስት ቀን ስትቆዩ፣ እማማ እንጨት ሊቆርጡ ነው ብላን ነበር። እንጨት ሳይዙ ተመለሳችሁ። ከዚያ ወዲያ ከእርስዎ ጋር በአንድ ሳህን መብላት ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ቀናሁ። እርስዎ ሲወቅጡ እኔን ልጅ ሆኜም፣ አድጌም ከክፍሉ ያስወጡኝ ነበር። ሙቀጫውን የማጥበው እኔ፣ የሕመምተኞቹን ልብስ የማጥበው እኔ፣ ስሙን የማውቀው ግን እሱ። ለእኔ ነግረውኝ ቢሆን ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት ነበር የምነግረው። ለዚህም ይሆናል ያልነገሩኝ።

ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይወጣል፣ የተናገረውም ሰው ቤቱ ይፈርሳል ብለው አያቴ እንዳስማሉዎ አውቃለሁ። እርስዎን እፈራለሁ፣ የአያቴንም ቃል እፈራለሁ። ደግሞም የእርስዎን እጅ የምንቅ አይደለሁም። የግንበኛውን ሚስት በገመድ ታስራ አምጥተዋት ድና በእግሯ ስትሄድ ያየሁ ነኝ፤ ገመዱን ራሴ ነኝ ጠቅልዬ የሰጠኋቸው። ግን ከዚያ የጫካ ሦስት ቀን ከተመለሰ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ ወንድሜ ድምፅ መስማት ጀመረ። በዚያ ነው አላልኩም። ሐኪሙም እንዲህ ያለ ሕመም በምሥጢር አይመጣም ብሎኛል። ቢሆንም ገና ሃያ ዓመት ላልሞላው ልጅ፣ ብትናገር ቤትህ ይፈርሳል ተብሎ የተሰጠው ነገር ቀላል ሸክም አይመስለኝም። አንድ ቀን እነዚያ ድምፆች ምን ይሉሃል ብዬ ስጠይቀው፣ «ዝም በል ነው የሚሉኝ» አለኝ።

ፍርሃቴ ብዙ ነው፣ ለማን ልንገረው። ማሽኔ ፊት ተቀምጬ የቁልፍ ቀዳዳ ስከፍት ከጀርባዬ ስሜ የተጠራ ይመስለኛል። ዘወር ስል ማንም አልጠራኝም። በእኔም ሊጀምረኝ ይሆን እላለሁ። ቅዳሜ የአንድ ሙሉ ጥቅል ሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳ በተሳሳተው ጎን ከፈትኩ፤ ሰዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ሳያሳየኝ፣ ሂጂና ፊትሽን ታጠቢ ብቻ አለኝ። የሚያስፈራኝን ሁሉ ስቆጥረው ግን ከሁሉ የሚብሰው አንድ ነው፤ ወንድሜ ቃልዎን ጠብቆ እንዳይሞት።

ሐኪሙ እስከ ዓርብ ነው ያለኝ። ዓርብ ደሙን እንደገና ያያሉ፤ ከባሰበት ወደ ሌላ ትልቅ ሐኪም ቤት ይልኩታል፣ እዚያም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ አባባ፣ አፈር ስሆን፣ የሦስቱን ሥሮች ስም ይጻፉልኝ። ባዶ ወረቀትና ፖስታ አብሬ ልኬያለሁ። ለእኔ መጻፍ ካልወደዱ ፖስታውን አሽገው ለሐኪሙ ይበሉ፤ አልከፍተውም። ሐኪሙ ያነበበውን ለሕክምናው ካልሆነ ለማንም እንደማይናገር፣ ወረቀቱንም ለእርስዎ እንደሚመልስ ቃል ገብቶልኛል። እሱንም ካልወደዱ ስሙን አይጻፉ፤ ለወንድሜ ብቻ በራስዎ እጅ ተናገር፣ ፈትቼሃለሁ ብለው አንዲት መስመር ይጻፉለት። የእርስዎን ጽሑፍ ያውቀዋል። የእኔን ልመና አይሰማም፣ የሐኪሙንም አይሰማም፤ እርስዎን ይሰማል።

መድኃኒቱ ይረክሳል ይሉ ይሆናል። ይርከስ አባባ። ቤቱም ይፈርስ ይሆናል፤ የፈረሰ ቤት እኛ ልጆችዎ ቆመን እንሠራዋለን። ልጅዎ ከሞተ ግን ሥሮቹን ለማን ሊያወርሱ ነው? እንዲህ ብዬ በመጻፌ ቢቆጡኝ ይቆጡኝ፣ ቢረግሙኝም እችለዋለሁ። ዝም እንዳይሉኝ ብቻ በሞቴ። የደፈርኩትም፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፤ ዱቄቱን በእጄ ያጠጣሁትም እኔ ነኝ። በዚህ እርስዎን የምከስስበት አፍ የለኝም።

እማማን በጉልበቷ ይሳሙልኝ፤ ስለ ዐይኑ ዛሬ አይንገሯት፣ እኔ ስመጣ እነግራታለሁ። ታናሽ እህቴ ፀጉሯን ቆርጣለች የሚል ወሬ ደርሶኛል፤ እውነት ከሆነ ደፋር ናት፣ ሰላም ይበሉልኝ። አክስቴን ለእግሯ የሚሆን ለስላሳ ጫማ እየፈለግኩላት ነው ይበሏት። ጎረቤታችንን ሸክላ ሠሪዋን፣ ባለሱቁንም ጭምር፣ ጓሮ ክፍል ያሉትንም ሕመምተኞች በያሉበት ሰላም እላለሁ። ከመካከላቸው የዚህኑ ሐኪም ቤት ክኒን የሚወስድ ካለ፣ አባባ፣ ሳይጠጣ አስቀድመው ይጠይቁት።

ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ ይዤው ዛሬ ወንድሜ ዘንድ ገባሁ። ለአባባ እየጻፍኩ ነው፣ የምትለው ካለ ጻፍ ብዬ እስክሪብቶውን አስያዝኩት። ምናልባት የሥሮቹን ስም ይጽፍልዎ ይሆናል ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ክኒኑ ቢቆምም እጁ ዛሬም ስለሚንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። የጻፈውን ሳየው ወረቀቱን ልቀድደው ነበር፤ ግን ሊያዩት የሚገባዎ እርስዎ ስለሆኑ እንዳለ ትቼዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ እጅ ነው።

አባባ አልተናገርኩም። አይስጉ።

ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ወር በገባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን